ስለ ኀዘንና ስለ መጽናናት፤ በመጽሐፈ ኢዮብ አነባበብ ላይ የቀረበ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰው ከሞተበት ቤት ሲደረስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የመጽሐፍ ቃል፥ ጻድቁ ኢዮብ ስለ መስጠትና ስለ መንሣት የተናገረው ቃል ነው፤ ምዕ. 1 ቍ. 21። ካህኑ በመቃብር አጠገብ፥ መኰንኑ በድንኳን ውስጥ፥ ጎረቤቱም በደጅ ቆሞ ይናገረዋል። ቃሉ እውነተኛ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ማን እንደ ተናገረው፥ በምን ጊዜ እንደ ተናገረው፥ ከዚያም በኋላ ምን እንደ ተከተለ ሳይመረምሩ መጥቀስ ልማድ ስለ ሆነ፥ ለማጽናናት የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የኀዘንተኛ አፍ መዝጊያ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ይህን አነባበብ ከመጽሐፉ ከራሱ ንባብና ምሥጢር ጋራ አስተያይቶ፥ የሚጸናውን ማጽናት፥ የሚታረመውንም ማረም ይገባል።

ነገሩ የጉባኤ ቤት ክርክር ብቻ አይደለም። በሐይቅ ዳር የተቀመጠችው የሐዋሳ ከተማ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቈረቈረች ናት። ከተማዪቱ አዲስ ስለ ሆነች ከሲዳማው ተወላጅ ጋራ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ተሰብስቦባታል፤ ከአባቶቹ መቃብር ርቆ የሚኖረው ብዙ ነው። በዚህች ከተማ ታኅሣሥ 19 ቀን የሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል በዓል እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚወጣበት ነው፤ ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን እሳት የዳኑበት መታሰቢያ ነውና። በ2017 ዓ.ም. ይህ በዓል በተከበረ በማግሥቱ፥ ታኅሣሥ 20 ቀን፥ ሐዋሳ ርእሰ ከተማው በሆነችለት በሲዳማ ክልል፥ በቦና፥ ወደ ሰርግ የሚሄዱ ሰዎች የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ከወንዝ ገብቶ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከዚያም በፊት ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ መንበሩን በሐዋሳ ባደረገው ክልል ውስጥ በነበረችው በጎፋ ምድር፥ ከብርቱ ዝናም የተነሣ ተራራ ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን አፈር ዋጣቸው። የኢዮብ ልጆች የሞቱት በግብዣ ቀን እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፥ መጽሐፉ ከዛሬው ኀዘን የራቀ አለመሆኑን ያስተውላል።

1ኛ። ስለ ቃሉ ተናጋሪ

መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ አለው። የተጠቀሰው ቃል የሚገኘው በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ አጠገብ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ገና 41 ምዕራፍ ይቀራል። መጽሐፉ በዚያ ቃል አልቆ ቢሆን ኖሮ፥ የምእመን ኀዘን በአንድ ቃል የሚፈጸም ነው ማለት በተገባ ነበር። ነገር ግን አላለቀም። ያው ኢዮብ በምዕ. 3 አፉን ከፍቶ የተወለደባትን ቀን ረገመ፤ ብርሃን ለመከረኛ ስለ ምን እንደሚሰጥ ጠየቀ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያጻፈው መንፈስ ቅዱስ ሦስተኛውንም ያጻፈ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው መጽሐፉን መክፈል ይሆናል።

ዳግመኛም ከቃሉ በፊት ያለው ንባብ ሊታለፍ አይገባውም። በቍ. 20 እንደሚነበበው ኢዮብ ይህን የተናገረው ልብሱን ቀድዶ፥ ራሱን ተላጭቶ፥ በምድር ላይ ተደፍቶ ሳለ ነው። በቍ. 22 ደግሞ በዚህ ሁሉ እንዳልበደለ ተመስክሮለታል። በዚህ ሁሉ ሲል ልብስ መቅደዱም ራስ መላጨቱም ይቈጠራል። እንግዲህ ምስጋናና ልቅሶ በአንድ ሰው፥ በአንድ ሰዓት፥ ያለ በደል አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ ከዚህ ይታወቃል። የሚያለቅሰውን ሰው ምስጋና የጐደለው አድርጎ መገሠጽ ከንባቡ ጋራ አይስማማም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ቃሉን የተናገረው ልጆቹ የሞቱበት አባት ራሱ ነው እንጂ ሊያጽናናው የመጣ እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ዳዊት በኦርና አውድማ መሥዋዕት ሊያቀርብ በወደደ ጊዜ፥ ባለ አውድማው ሁሉን በነጻ ልስጥህ ቢለው፥ ዋጋ ያልከፈለበትን ለአምላኩ ማቅረብ እንቢ ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዝቶ አቀረበ፤ 2ኛ ሳሙ. 24። የኢዮብም ቃል መሥዋዕት ነው፤ ዋጋውም አሥር ልጆች ናቸው። ልጁ በቤቱ ደኅና ያደረለት ሰው ይህን ቃል አንሥቶ ልጁ ለሞተበት ሰው ቢሰጠው፥ ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ማቅረቡ ነው። ኀዘንተኛው በራሱ ጊዜ፥ ከራሱ ልብ አውጥቶ ሲናገረው ግን ቃሉ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ይባላል። የአጽናኝ ሥራ ያን ጊዜ እስኪደርስ አብሮ መቈየት ነው።

2ኛ። ስለ ሦስቱ ወዳጆች

ኤልፋዝ፥ በልዳዶስና ሶፋር የኢዮብን መከራ በሰሙ ጊዜ ከየአገራቸው መጡ። በሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ እነዚህ ሰዎች ነገሥታትና ገዢዎች ተብለው ተጽፈዋል። ስለዚህ ነገራቸው ካህናትን ብቻ ሳይሆን መኳንንትንም የሚመለከት ነው። ከሩቅ ባዩት ጊዜ አላወቁትም፤ አለቀሱ፤ ልብሳቸውን ቀደዱ፤ ትቢያ በራሳቸው ላይ ነሰነሱ፤ ከእርሱም ጋራ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዳች ሳይናገሩት በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ምዕ. 2 ቍ. 11-13።

ሰባት ቀን ዝም ያሉ ስለ ምንድር ነው ቢሉ፤ የሙት ልቅሶ ሰባት ቀን እንደ ሆነ በሲራክ ምዕ. 22 የተነገረ ሥርዓት ስላለ ነው። አንድም፤ ባለ ኀዘኑ ሳይናገር እንግዳ በነገር እንዳይቀድመው ነው። አንድም፤ ሕመሙ ከቃል በላይ መሆኑን ስላዩ ነው፤ መጽሐፉም የሚመሰክረው ይህንኑ ምክንያት ነው። በመጽሐፉ ሁሉ ውስጥ ወዳጆቹ ከሠሩት ሥራ ነቀፋ ያላገኘው ይህ የሰባት ቀን ዝምታ ነው። ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ በትቢያ ላይ መቀመጡ ብቻውን ስብከት ነበር።

በስምንተኛው ቀን ዝም ብለው ተነሥተው በሄዱ ኖሮ የመልካም አጽናኞች ምሳሌ ሆነው በቀሩ ነበር። ነገር ግን ኢዮብ ብሶቱን ቢናገር መልስ ሊሰጡ ተነሡ። ኤልፋዝ ሦስት ጊዜ፥ በልዳዶስ ሦስት ጊዜ፥ ሶፋር ሁለት ጊዜ ተናገሩ። ንግግራቸውን በተራ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይታየዋል፤ ክርክሩ ሲረዝም ርኅራኄው ያጥራል። ኤልፋዝ በምዕ. 4 በትሕትና ጀመረ፤ በምዕ. 22 ግን ላላየው ኀጢአት ምስክር ሆነ፤ ለደከመው ውኃ አላጠጣህም፥ ለራበው እንጀራ ከለከልህ፥ መበለቲቱን ባዶዋን ሰደድህ ብሎ ከሰሰው። በልዳዶስ ደግሞ በምዕ. 8 ልጆቹ የሞቱት ስለ ራሳቸው በደል እንደ ሆነ ለአባታቸው ተናገረ። አሥር ልጅ በአንድ ቀን ለቀበረ ሰው ከዚህ የሚከፋ ቃል አይገኝም።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል፤ የተናገሩት ሁሉ ሐሰት ነበርን ቢሉ፤ አይደለም። እግዚአብሔር ጻድቅ መሆኑን፥ ክፉ ሥራ ክፉ እንደሚያመጣ፥ ንስሓም እንደሚጠቅም ተናግረዋል። ከኤልፋዝ ንግግር አንዱን ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ በ1ኛ ቆሮ. 3 እንደ መጽሐፍ ቃል አድርጎ ጠቅሶታል። እንግዲያስ በምዕ. 42 ቍ. 7 እግዚአብሔር የተቈጣቸው፥ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ያሰኛቸው ምንድር ነው ቢሉ፤ እውነቱን ከስፍራው አውጥተው ስለ ተናገሩት ነው። መድኃኒት በልኩና ለሕመሙ ሲሰጥ ያድናል፤ ላልሆነ ሕመም ሲሰጥ ግን ይገድላል፤ መድኃኒት መሆኑም ከመግደል አያግደውም። አንድም፤ ስለ እግዚአብሔር ተናገሩ እንጂ ወደ እግዚአብሔር አልተናገሩም። ኢዮብ ግን በብሶቱም ጊዜ ፊቱን ወደ እርሱ መልሶ ነው የተናገረው። የምሬት ጸሎት ጸሎት ከሌለው ብልሃተኛ ንግግር ተሽሎ ተገኘ።

ጌታችንም ይህንኑ አጽንቷል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተማረ፤ ሉቃ. 13። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደውም ሰው ማን እንደ በደለ በጠየቁት ጊዜ፥ እርሱም ወላጆቹም አለመሆናቸውን ተናገረ፤ ዮሐ. 9። ስለዚህ ወንዝ ለወሰደው፥ ናዳ ለጫነው ሰው ቤተ ሰብ ኀጢአት የሚፈልግለት አጽናኝ የበልዳዶስን አንደበት ተውሷል እንጂ የወንጌልን አልያዘም።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ትናንት ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ መልአክ በተዘከረበት ማግሥት፥ ሰርገኞች በውኃ የሞቱ ስለ ምንድር ነው? ኀዘንተኛ ይህን ቢጠይቅ እንደ ከሓዲ ሊቈጠር አይገባውም፤ ጥያቄው የኢዮብ ጥያቄ ነውና። መልሱን አውቃለሁ የሚል ግን ይጠንቀቅ። በምዕ. 1ና በምዕ. 2 በሰማይ የሆነውን ነገር አንባቢ ያውቀዋል፤ ኢዮብ ግን እስከ መጽሐፉ ፍጻሜ አልተነገረውም። ከምዕ. 38 እስከ ምዕ. 41 እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ሲናገረው ስለ ምድር መሠረት፥ ስለ ባሕር በር፥ ስለ ዋልያና ስለ ንስር ጠየቀው እንጂ የልጆቹን መሞት ምክንያት አልገለጠለትም። ምክንያቱ ሳይነገረው ተናጋሪው ስለ ተገለጠለት ጸና። ሠለስቱ ደቂቅም በዳን. 3 ባያድነን እንኳ ብለው ነው ወደ እቶኑ የገቡት፤ እምነታቸው በመዳናቸው ላይ የተሠራ አልነበረም። እንግዲህ ለጻድቁ ለኢዮብ ያልተገለጠውን ምክንያት በድንኳን ውስጥ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ከየት አገኘው ይባላል።

3ኛ። ስለ ኢዮብ ሚስት

ስለዚች ሴት ብዙ ሰባኪዎች የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏን ለስድብ የመከረች ሰነፍ ናት ይላሉ። ኢዮብ እንደ ሰነፎች ሴቶች መናገሯን መገሠጹ እውነት ነው። ነገር ግን የሞቱት አሥሩ ልጆች የእርሷም ልጆች ነበሩ። ይህን ማንም አያነሣላትም። አጽናኞቹ ሦስቱ ነገሥታት እንኳ ወደ እርሷ ዘወር እንዳሉ አልተጻፈም።

ከዕብራይስጥ በተመለሰው ንባብ ንግግሯ እጅግ አጭር ነው። በሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ ግን በምዕ. 2 ቍ. 9 ረዘም ብሎ ይገኛል። በዚያ የወንዶችና የሴቶች ልጆቿ መታሰቢያ ከምድር መጥፋቱን፥ የማሕፀኗ ምጥና ድካም ከንቱ መቅረቱን ትናገራለች፤ እንደ ቅጥረኛ ከስፍራ ወደ ስፍራ፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ከድካሟ ለማረፍ የፀሐይን መጥለቅ እንደምትጠባበቅ ትገልጣለች። ይህን ንባብ ያየ ሰው የሚሰማው ተሳዳቢን ብቻ አይደለም፤ ቤቱን በጉልበቷ ተሸክማ፥ ለማልቀስ ጊዜ ያጣች እናትን ነው። ስሕተቷ ይነገር፤ ኀዘኗም አብሮ ይነገር። ወንዶች በድንኳን ተቀምጠው እንግዳ ሲቀበሉ፥ ከእሳት ዳር ሆና ለለቀስተኛ ወጥ የምትሠራው እናት በብዙ ቤት አለች። አጽናኝ ወደ ጓዳም ይግባ ማለት ነው።

በምዕ. 42 እግዚአብሔር ሦስቱን ወዳጆች ሲገሥጽ ስለ ሚስቱ አንዲት የተግሣጽ ቃል አልተጻፈም። ይህም ከማስተዋል ጋራ የሚነበብ ነው።

4ኛ። ስለ ኀዘን ልክ

ከላይ የተባለውን የሰማ ሰው እንግዲያስ ኀዘን ልክ የለውም ወይ ሊል ይችላል። አለው። ከላይ የተነቀፈው ስሕተት ልቅሶን መከልከል ነው፤ በሌላው ወገን ያለው ስሕተት ደግሞ ልቅሶን የፍቅር መለኪያ አድርጎ፥ ፊትን እስከ መንጨት፥ ዓመት ሙሉ ከምግብና ከሥራ እስከ መለየት መድረስ ነው። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፈሰሰ፤ ዮሐ. 11። አራት ቀን የቈየውን ሙት ጥቂት ቈይቶ እንደሚያስነሣው እያወቀ ማልቀሱ የትንሣኤ ተስፋ እንባን እንደማይሽር ያስረዳል። ካለቀሰ በኋላ ግን ድንጋዩን አንሡ አለ። ልቅሶውም ሥራውም በየተራቸው ሆኑ። ሐዋርያው በ1ኛ ተሰሎ. 4 የከለከለው ማዘንን ሳይሆን ተስፋ እንደሌለው ሰው ማዘንን ነው። ሲራክም በምዕ. 38 ለሞተው ሰው አልቅስ ካለ በኋላ ብዙ ኀዘን ወደ ሞት እንደሚያደርስ ያስጠነቅቃል። ለአሮንና ለሙሴ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ተለቀሰላቸው፤ ከዚያ በኋላ እስራኤል ጉዞውን ቀጠለ።

ሰቆቃወ ኤርምያስን የተመለከተ ይህን ልክ በአጻጻፉ ያገኘዋል። ምዕ. 1፥ ምዕ. 2ና ምዕ. 4 እያንዳንዳቸው 22 ቍጥር አላቸው፤ ምዕ. 3 ደግሞ 66። የዕብራውያን ፊደል 22 ነውና ልቅሶው ከአሌፍ እስከ ታው በፊደል ተራ ተደርድሯል። ልቅሶ በፊደል የተደረደረ ስለ ምንድር ነው ቢሉ፤ ከኀዘኑ ምንም ሳይቀር ሁሉ ይነገር ሲል ነው። አንድም፤ ከታው በኋላ ፊደል እንደሌለ ልቅሶም መጨረሻ እንዳለው ለማስረዳት ነው። አንድም፤ የሚያለቅስ ሰው ቃል ቢጠፋው ፊደሉ እጁን ይዞ እንዲመራው ነው። ስለ እግዚአብሔር ምሕረት የሚናገረውም ክፍል የተገኘው በመካከለኛው ምዕራፍ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ልቅሶው እንደገና ይመለሳል። ተስፋ በኀዘን መካከል ገብታ ተቀመጠች እንጂ ኀዘኑን አላባረረችም።

ቤተ ክርስቲያንም ለሙታን መታሰቢያ ቀን የቈረጠችው በዚሁ ጥበብ ነው፤ ሣልስት፥ ሰባት፥ ዐሥራ ሁለት፥ ሠላሳ፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅ፥ ዓመት። ቀኖቹ እየተራራቁ መሄዳቸውን ያስተውሏል። እናት ልጇን ቆሞ መሄድ ስታስተምር አስቀድማ እጁን ትይዛለች፥ ቀጥላ ጣቷን ትሰጠዋለች፥ ኋላም ፈንጠር ብላ ትጠብቀዋለች። ቀኖቹም ኀዘንተኛን እንዲሁ ያስሄዱታል። ይህን ሥርዓት ወደ ክብር ውድድር መለወጥ፥ ለተዝካር በሬውን ሸጦ ብድር መግባት፥ መበለቲቱንም የሙት ዓመቱ ሲያልፍ ባለዕዳ አድርጎ መተው፥ መድኃኒቱን ሌላ ሕመም ማድረግ ነው። ባለጸጋ ይህን ልክ ቢጠብቅ ድኻው ሳያፍር ይከተለዋል፤ ስለዚህ የታላላቆች ምሳሌነት እዚህ ላይ ይፈለጋል።

ዳዊት ስለ ሁለት ልጆቹ ሁለት ዓይነት አለቀሰ። ከቤርሳቤህ የተወለደው ሕፃን በታመመ ጊዜ ሰባት ቀን ጾመ፤ በሞተ ጊዜ ግን ታጥቦ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገባ፥ እንጀራም በላ፤ 2ኛ ሳሙ. 12። ለአቤሴሎም ግን ከበሩ በላይ ባለው ቤት ገብቶ ልቅሶውን አልቈርጥ ቢል፥ ከሰልፍ የተመለሰው ጭፍራ እንደ ሸሸና እንዳፈረ ሰው ተሰርቆ ወደ ከተማ ገባ። ኢዮአብ በብርቱ ቃል ቢናገረው ንጉሡ ተነሥቶ በበሩ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም ወደ ፊቱ መጣ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ሕዝብ የሚጠብቀው ሰው ኀዘኑን ከበሩ በላይ ብቻ ይዞ ሊቈይ አይችልም። ሁለተኛው፥ ኢዮአብ አቤሴሎምን የወጋ እርሱ ራሱ ነበር፤ ምክሩ ቀና ነበር፥ መካሪው ግን ደም ነበረበት። ስለዚህ ንጉሡን ከወንበሩ መለሰው እንጂ ልቡን አላጽናናውም።

5ኛ። ኢዮብ በኀዘን ስለ ማደጉ

የመጽሐፉ ፍጻሜ ብዙ ጊዜ የሚተረጐመው በከብት ቍጥር ነው። 7000 በግ 14000፥ 3000 ግመል 6000፥ 500 ጥማድ በሬ 1000፥ 500 እንስት አህያ 1000 ሆነ፤ ስለዚህ የታገሠ እጥፍ ያገኛል ይባላል። ይህ አተረጓጐም በአንድ ስፍራ ይሰናከላል። ወንዶች ልጆች አስቀድሞ ሰባት ነበሩ፥ ኋላም ሰባት ሆኑ፤ ሴቶች ልጆችም ሦስት ነበሩ፥ ኋላም ሦስት ሆኑ። ልጆቹ እጥፍ ያልሆኑ ስለ ምንድር ነው ቢሉ፤ የፊተኞቹ በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ስለ ሆኑ፥ ከኋለኞቹ ጋራ ሲቈጠሩ እጥፍ ናቸው። በሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ መጨረሻ ኢዮብ ጌታ ከሚያስነሣቸው ጋራ እንደሚነሣ መጻፉ ለዚህ ይስማማል። አንድም፤ ልጅ በልጅ የማይተካ መሆኑን ለማስረዳት ነው፤ የጠፋ በግ በሌላ በግ ይከፈላል፥ የሞተ ልጅ ግን በተወለደ ልጅ አይከፈልም። እንግዲህ ልጅ ለሞተባት እናት እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል ማለት በቂ ማጽናኛ አይደለም።

የኢዮብ ማደግ በከብቱ ሳይሆን በጸሎቱ ይታያል። በምዕ. 1 ቍ. 5 መሥዋዕት ያቀርብ የነበረው ለልጆቹ ነበር፤ ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፥ ወሰኑ ግን ቤቱ ነበር። በምዕ. 42 ግን ሰባት በሬና ሰባት አውራ በግ ይዘው ለመጡት፥ በቃላቸው ላቈሰሉት ለሦስቱ ወዳጆች ጸለየ። ምርኮው የተመለሰለትም ስለ እነርሱ በጸለየ ጊዜ እንደ ሆነ ተጽፏል፤ ገና ከብቱ ሳይመለስ፥ ገና ልጅ ሳይወለድ ማለት ነው። ለልጆቹ መጸለይን ያውቅ የነበረ አባት ልጆቹን በስድብ ለከሰሰው ለበልዳዶስ ወደ መጸለይ ደረሰ።

ዳግመኛም ከኋለኞቹ ልጆች ስማቸው የተጻፈ ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ አልተጠሩም። አባታቸውም ከወንድሞቻቸው ጋራ ርስት ሰጣቸው፤ ምዕ. 42 ቍ. 15። በዘኍ. 27 ሴት ልጅ የምትወርሰው ወንድም ባይኖራት ነው፤ ኢዮብ ግን ወንድሞቻቸው ሳሉ ሰጠ። ሁሉን በአንድ ቀን ያጣ ሰው ልጅን ከልጅ ሊያበላልጥ እንዳልቻለ ከዚህ ይታሰባል።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኀዘን ሰውን ያሳድጋል ብሎ ኀዘንን ማመስገን፥ ልጁ የሞተው አባቱ እንዲበረታ ነው ማለት፥ የሦስቱን ወዳጆች ስሕተት በሌላ መንገድ መድገም ነው። ሐዋርያው በሮሜ 5 ከመከራ ትዕግሥት፥ ከትዕግሥት ፈተና፥ ከፈተናም ተስፋ እንደሚገኝ ተናግሮ፥ ነገሩን የሚፈጽመው በልባችን በፈሰሰው በእግዚአብሔር ፍቅር ነው። ፍሬውን የሚያፈራው ፍቅሩ ነው፤ መከራው መሬቱ ቢሆን ነው። ብዙ መከራ ያለ ፍቅር መራራ ልብ ብቻ አብቅሏል። በ2ኛ ቆሮ. 1 ደግሞ የእድገቱ ምልክት ምን እንደ ሆነ ተገልጧል፤ የተጽናና ሰው በተጽናናበት ማጽናኛ ሌላውን ማጽናናት መቻሉ ነው። ኀዘን ያሳደገው ሰው በንግግሩ ብዛት አይታወቅም፤ በሌላው ደጅ በመገኘቱ ይታወቃል።

6ኛ። ስለ አጽናኞች ግዴታ

ኢዮብ ከብቱ ከተመለሰለት በኋላ እንኳ ወንድሞቹና እኅቶቹ የሚያውቁትም ሁሉ መጥተው በቤቱ እንጀራ ከእርሱ ጋራ በሉ፥ አጽናኑት፥ እያንዳንዳቸውም ስጦታና ወርቅ ሰጡት፤ ምዕ. 42 ቍ. 11። ባለጸጋ ሆኖ ሳለ መጽናናት አስፈለገው፤ ሀብት ኀዘንን አይሸፍንምና። በአገራችን ዕድር የሚባለው ማኅበር ከዚህ ቃል ጋራ ይገናኛል፤ ድንኳን ይተክላል፥ እንጀራ ያቀርባል፥ ገንዘብ ያዋጣል፥ ከሁሉም በላይ አብሮ ይቀመጣል። እንደ ሐዋሳ ባለች አዲስ ከተማ፥ ዘመድ በሩቅ አገር በቀረበት ስፍራ፥ ጎረቤት በዚህ ዘመድ ይሆናል። ኢዮብ ራሱ የዖጽ ሰው እንጂ ከእስራኤል አለመሆኑን፥ አጽናኞቹም ከልዩ ልዩ አገር መምጣታቸውን ያሰበ ሰው፥ ለቅሶ ለመድረስ ወገንና ቋንቋ አይጠይቅም። በጎፋ አስቀድሞ በናዳው የተቀበሩትን ሊያወጡ ሮጠው የደረሱት ሰዎች በሁለተኛው ናዳ አብረዋቸው ተቀብረዋል። ከሚያለቅሱ ጋራ ማልቀስን በእጃቸው የፈጸሙ እነዚህ ናቸው፤ ጌታችን በዮሐ. 15 ከእርሱ የሚበልጥ የለም ያለውን ፍቅር አደረጉት።

እንግዲህ ከመጽሐፈ ኢዮብ የሚገኘው የአጽናኝ ሥርዓት በጥቂቱ ይህ ነው። ቀድሞ ይምጣ፤ ብዙ ይቀመጥ፤ ጥቂት ይናገር። ኀዘንተኛው ቢያማርር አይደንግጥ፤ ምክንያት ቢጠይቀው የማያውቀውን አያውራ። ወደ ጓዳም ይግባ። የልቅሶውን ቀን በልክ ይጠብቅ፤ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፥ ሰው ሁሉ በተበተነ ጊዜ፥ በአርባው፥ በሰማንያውና በመንፈቁ ይመለስ። ስለ መስጠትና ስለ መንሣት የተነገረውን ታላቅ ቃል ግን ለባለቤቱ ይተውለት፤ ጊዜው ሲደርስ ኀዘንተኛው ራሱ ይናገረዋል፤ ያን ጊዜም አጽናኙ አሜን ለማለት የበቃ ይሆናል።

በሐዋሳ በሐይቁ አጠገብ ታቦር የሚባል ተራራ አለ። ስሙ የተወሰደበት ታቦር ጌታችን ክብሩን የገለጠበት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያ ተራራ ራስ ላይ ሦስት ዳስ ሊሠራ ወደደ። ጌታችን ግን በማግሥቱ ከተራራው ወረደ፤ ከተራራው በታችም ስለ አንድ ልጁ የሚጮኽ አባት ተቀበለው፤ ሉቃ. 9። ዳስ የሚያስፈልገው በላይ ሳይሆን በታች፥ በዚያ አባት ደጅ ነበር። የመጻሕፍትን ምሥጢር በከፍታ ያየ ሊቅም፥ በሹመት ከፍ ያለ መኰንንም፥ እንዲሁ ወርዶ ከሚያለቅሰው አጠገብ ይቀመጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።